በቆቦና በራያ ቆላ ጠመንጃ የመያዝ ልማድና ራስን የመከላከል መብት

ይህ ጽሑፍ በቆቦና በዙሪያዋ ባለው የራያ ቆላ ሕዝቡ ጠመንጃ እንዴት እንዳገኘ፣ በምን ልማድ እንደያዘው፣ መንግሥታትም በየዘመናቸው እንዴት ሊያስፈቱት እንደሞከሩ ባጭሩ ለማሳየት የታሰበ ነው። ታሪኩን ከተረክን በኋላ አንድ ጥያቄ እናነሣለን፤ ይኸውም፦ ሕግ ሰውን «ሕይወትህን መከላከል ትችላለህ» ካለው በኋላ መከላከያውን በእጁ እንዳይዝ ሊከለክለው ይገባልን? የሚል ነው። የእኛ አስተያየት ፈጽሞ መከልከል አይገባም፤ ነገር ግን አያያዙ በመዝገብና በዋስ መሆን አለበት የሚል ነው። እኛ በዚያው አገር ተወልደን ያደግን ስለሆንን አድልዎ ቢታይብን አንባቢ ይፍረድብን። ስለዚህም የሐሳባችንን ተቃራኒ የሚደግፈውን ማስረጃ ጭምር ሳንደብቅ ለማቅረብ ሞክረናል።

፩. አገሩና ሕዝቡ

ቆቦ ከወልድያ በስተ ሰሜን ወደ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከደሴ ወደ መቀሌ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። ከፍታዋ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,500 ሜትር ይጠጋል። በስተ ምዕራብ የላስታ ደጋ እንደ ግድግዳ ቆሞባታል፤ በስተ ምሥራቅ የዞብል ተራራ አለ። ከዞብል ወዲያ አገሩ እየወረደ እየወረደ ወደ አፋር በረሓ ይገባል። በሁለቱ ተራሮች መካከል የተዘረጋው ሜዳ ዝናም በደግ ዓመት ከጣለለት ማሽላና ጤፍ በብዛት የሚሰጥ ለም መሬት ነው። ሆርማትና ጎሊና የተባሉት ወንዞች ከደጋው ወርደው ይህን ሜዳ ያጠጡታል።

ሕዝቡ የብዙ ወገን ቅይጥ ነው። አማርኛ፣ ትግርኛ፣ ኦሮምኛና አፋርኛ የሚናገሩ ሰዎች በአንድ ገበያ ይገናኛሉ፤ ክርስቲያኑና እስላሙም በአንድ ለቅሶ ይቀመጣሉ። ደገኛው እህል፣ ቆለኛው ከብት፣ አፋሩ ከብትና ጨው ይዞ ስለሚመጣ አንዱ ካንዱ ተለይቶ መኖር አይሆንለትም። ይሁን እንጂ የሚያገናኛቸው ነገር ራሱ የሚያጣላቸው ነው። በበጋ ውሃና ግጦሽ ሲያጥር እረኞች ይገፋፋሉ፤ ከብት ይነዳል፤ የተነዳበት ሰው ወገኑን አስከትሎ ይከተላል፤ በዚህም ደም ይፈስሳል።

በዚህ አገር የቆየ አንድ ክፉ ልማድ አለ፤ ስሙ «ጋዝ» ይባላል። ጎበዞች ተሰብስበው ወደ አፋር ቆላ እየወረዱ ከብት የሚነዱበትና ጀግንነት የሚያሳዩበት ዘመቻ ነበር። አፋሮቹም በበኩላቸው ብድራቸውን ለመመለስ ይወጡ ነበር። ከጋዝ የተመለሰ ሰው በዘፈን ይወደስ፣ በሠርግና በለቅሶ ላይም ከፍ ያለ ቦታ ይሰጠው ነበር። ይህ ልማድ ንጹሕ ሰው ያስገደለ መሆኑን መካድ አይገባም። ጠመንጃ በራያ መከላከያ ብቻ ነበር ብሎ የሚጽፍ ሰው ታሪክ ሳይሆን ተረት ጽፏል። ነገር ግን ጋዝ ያለበት አገር ጋዝ የሚወርድበትም ሰው ያለበት አገር ነው፤ ከብቱን አስቀድሞ በመጠበቅ የሚያድር ገበሬም፣ ከዞብል ወዲያ ያለውም አፋር፣ ጠመንጃውን የሚፈልገው በአንድ ዓይነት ምክንያት ነበር።

፪. ጠመንጃ እንዴት ገባ

ቀድሞ የአገሩ መሣሪያ ጦር፣ ጋሻና ጎራዴ ነበር። ዘመናዊ ጠመንጃ ወደ ሰሜን ኢትዮጵያ በብዛት መግባት የጀመረው ከ1860 ዓ.ም. ወዲህ ነው። በዚያ ዓመት ጄኔራል ናፒየር ወደ መቅደላ ሲዘምት ጦሩ በአሸንጌ ሐይቅ በኩል በራያ ደጋ ጥግ አልፏል፤ በመመለሱም ጊዜ ኋላ ዐፄ ዮሐንስ ለተባሉት ለደጃዝማች ካሣ መድፍና ጠመንጃ ትቶላቸው ሄደ። በ1868 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ የግብጽን ጦር በጉንደትና በጉራዕ ድል ሲያደርጉ ብዙ የሬሚንግተን ጠመንጃ ተማረከ። ከዚያ በኋላ በቀይ ባሕርና በጅቡቲ በኩል የእንግሊዙ ሰናድር፣ የፈረንሳዩ ውጅግራና ለበን፣ የኦስትሪያው ምንሽር እየተከታተሉ ገቡ። በ1888 ዓ.ም. ወደ ዐድዋ የዘመተው የኢትዮጵያ ሠራዊት ወደ መቶ ሺህ የሚጠጋ ጠመንጃ ይዞ እንደነበር ይገመታል። ከዐድዋ በኋላ ጠመንጃ ከመኳንንት ቤት ወጥቶ ወደ ባላገሩ ቤት ገባ፤ በአንዳንድ ገበያም ጥይት እንደ ዝርዝር ገንዘብ እየተቈጠረ ይሸጥበትና ይገዛበት ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስታወስ ያስፈልጋል። የአውሮፓ መንግሥታት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1890 በብራስልስ ተሰብስበው ወደ አፍሪካ ጠመንጃ እንዳይገባ ስምምነት አድርገው ነበር። ምክንያታቸው የባሪያ ንግድን ለማጥፋት ነው ቢሉም፣ ስምምነቱ አፍሪካዊውን ባዶ እጁን ከቅኝ ገዥው ፊት የሚያቆም ነበር። ኢትዮጵያ የመንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን በ1916 ዓ.ም. የጦር መሣሪያ ንግድን የሚመለከት ግዴታ እንድትቀበል ተጠየቀች። በ1922 ዓ.ም. ክረምት ከእንግሊዝ፣ ከፈረንሳይና ከኢጣልያ ጋር በፓሪስ በተፈረመው ውል መንግሥቷ በሥርዐት መሣሪያ እንዲያስገባ መብቱ ታወቀለት። ሆኖም በ1927 ዓ.ም. ክረምት ኢጣልያ ለወረራ ስትዘጋጅ እንግሊዝና ፈረንሳይ ለሁለቱም ወገን መሣሪያ እንዳይሸጥ ከለከሉ። ኢጣልያ መሣሪያዋን ራሷ ትሠራ ስለነበር ክልከላው የወደቀው በኢትዮጵያ ብቻ ላይ ነው። በዚያን ጊዜ መንግሥታችን «የሚወረር ሰው ራሱን የሚከላከልበትን መሣሪያ አትንፈጉት» እያለ ለዓለም አቤት ሲል ነበር። እኛም የዞብሉ ገበሬ ለመንግሥቱ የሚያቀርበው አቤቱታ ከዚህ የተለየ ሆኖ አላገኘነውም።

፫. ትከሻና ጉያ

የአማርኛ ቋንቋ በዚህ ጉዳይ የሚያስተምረን አንድ ነገር አለ። ትንሹ መሣሪያ «ሽጉጥ» የተባለው ሸጎጠ ከሚለው ግስ ነው፤ ማለት በልብስ ሥር የሚሸጎጥ፣ የሚደበቅ ነው። ትልቁን ደግሞ ባላገሩ «ጠብ መንጃ» እያለ ይፈታዋል፤ ይህ የሊቃውንት ሳይሆን የሕዝብ አፈታት ቢሆንም፣ ሕዝቡ ስለ መሣሪያው ያለውን ፍርሃት ይገልጻል። ጠመንጃ በትከሻ ይያዛል፤ ሽጉጥ በጉያ ይያዛል። በራያ ልማድ ይህ ልዩነት የመሣሪያ ልክ ብቻ ሳይሆን የጠባይ ልዩነትም ነበር።

እኛ ባደግንበት ቀበሌ ጠመንጃውን በትከሻው ያዘለ ሰው የሚያሳፍረው ነገር የለም። ማን እንደያዘ፣ ምን ዓይነት እንደያዘ፣ ከማን እንደገዛው ወይም ከማን እንደወረሰው ጎረቤቱ ሁሉ ያውቃል። ሌሊት አንድ ጥይት ቢጮህ የማን እንደሆነ በድምፁ የሚለዩ ሽማግሌዎች ነበሩ። ሰው ቤት ሲገባ ጠመንጃውን አውርዶ ለባለቤቱ ይሰጣል፤ ባለቤቱም ተቀብሎ ይሰቅልለታል። ለእርቅ ሲቀመጡ መሣሪያ ከዛፉ ጥላ ውጭ ይቀራል። በጉያው የደበቀ ሰው ግን ቢታወቅበት «ምን ሊያደርግ ነው?» ይባላል። ትከሻ ምስክር አለው፤ ጉያ ምስክር የለውም።

ይህ አስተሳሰብ በእኛ አገር ብቻ የታየ አይደለም። በአሜሪካ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1791 በሕገ መንግሥቱ ላይ የተጨመረው ሁለተኛው ማሻሻያ ሕዝቡ መሣሪያ የመያዝ መብቱ እንዳይነካ ቢደነግግም፣ በ1813 የኬንታኪና የሉዊዚያና ግዛቶች በግልጽ መያዝን ትተው ደብቆ መያዝን ብቻ የሚከለክል ሕግ አውጥተው ነበር። የዚያን ዘመን ሰዎች መሣሪያውን ለሁሉ የሚያሳይ ሰው ለመከላከል፣ የሚደብቅ ሰው ለማጥቃት ያስባል ብለው ያምኑ ነበር። ዘመኑ ተለውጦ በ2014 ዓ.ም. የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ከኒው ዮርክ በመጣ ክርክር ሰው ከቤቱ ውጭም ሽጉጥ ለራሱ መከላከያ የመያዝ መብት አለው ሲል ፈርዷል። በከተማ ትልቅ ጠመንጃ አዝሎ መሄድ ሰው የሚያስደነግጥ ስለሆነ፣ ደብቆ መያዝ በዚያ አገር ብዙዎች ዘንድ እንደ ጨዋነት ተቈጠረ። ከዚህ የምንማረው፣ ትከሻና ጉያ እንደ ቦታውና እንደ ዘመኑ ትርጉማቸው የሚለዋወጥ መሆኑን ነው። በቆቦ ሜዳ የሚያርስ ሰውና በሌሊት ገንዘብ ይዞ በመኪና የሚጓዝ ነጋዴ አንድ ዓይነት መሣሪያ በአንድ ዓይነት አያያዝ ሊይዙ አይችሉም።

፬. ትጥቅ የማስፈታት ታሪክ

በራያ ምድር መሣሪያ የማስፈታት ነገር ከአገዛዝ ነገር ተለይቶ አያውቅም። በ1920ዎቹ መጀመሪያ የራያና የአዘቦ ሕዝብ ዐመፀ። የዐመፁ አንዱ ምክንያት ከአፋር ጋር የነበረው መገዳደል፣ ሌላው የሹማምንቱ በደልና የግብሩ ክብደት ነበር። ዐመፁን እንዲያበርዱ የታዘዙት የቤጌምድሩ ገዥ ራስ ጉግሣ ወሌ ራሳቸው ከመንግሥቱ ጋር ተጣልተው መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. በአንቺም ጦርነት ሞቱ። ከዚያም የራያ ዐመፅ በኃይል ተመታ። በዚህ ቅጣት የተቋጠረ ቂም ስድስት ዓመት ቆይቶ ታየ። ቀኑ በአጋጣሚ አንድ ሆኖ መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በማይጨው በተደረገው ጦርነት ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ብርና ልብስ ሰጥተው ሊያባብሏቸው ቢሞክሩም፣ ከራያና ከአዘቦ ሰዎች ብዙዎቹ ከኢጣልያ ጠመንጃ ተቀብለው የሚያፈገፍገውን ሠራዊት በአሸንጌ አካባቢ ወጉት።

ይህ ለእኛ የሚያሳዝን የታሪክ ገጽ ነው፤ ነገር ግን መዝለል አይገባንም። የራሱ መንግሥት የሚያስፈታውን ሕዝብ ጠላት ያስታጥቀዋል። ኢጣልያም ቢሆን ለሁሉ አላስታጠቀችም። አገሩን ከያዘች በኋላ ለእሷ ያላደረውን ሰው ሁሉ መሣሪያውን እንዲያስረክብ አዘዘች፤ ይዞ የተገኘ በሞት የሚቀጣ ሆነ። ያነጋገርናቸው ሽማግሌዎች ከአባቶቻቸው እንደሰሙት፣ ጠመንጃ ሞራ ተቀብቶና በቁርበት ተጠቅልሎ በማሽላ ጉድጓድ ይቀበር፣ በአገዳ ክምር ውስጥም ይደበቅ ነበር። የተረከበው አሮጌው ነበር፤ ደኅናው መሬት ውስጥ ገባ። በትከሻ የነበረው በክልከላው ምክንያት ወደ ጉያ ገባ ማለት ነው።

በ1933 ዓ.ም. ኢጣልያ ስትሸነፍ ሜዳው ሁሉ በተጣለ መሣሪያ ተሞላ። የተመለሰው መንግሥት በ1934 ዓ.ም. የፖሊስ ኃይል በአዋጅ አቋቋመ፤ ነገር ግን ፖሊሱ ከከተማ ርቆ የሚሄድበት ዐቅም አልነበረውም። በ1935 ዓ.ም. በእንደርታ፣ በወጀራት፣ በራያና በአዘቦ «ወያኔ» የተባለው ዐመፅ ተነሣ። የሹማምንቱ በደል፣ የግብር ነገርና ጋዝን ለማገድ የተደረገው ሙከራ ከመነሻዎቹ መካከል ይቈጠራሉ። ዐመፁ በብላታ ኃይለ ማርያም ረዳ መሪነት መቀሌን እስከ መያዝ ደረሰ፤ መስከረም መጨረሻ 1936 ዓ.ም. ከኤደን የተነሡ የእንግሊዝ አውሮፕላኖች ቦምብ ከጣሉበት በኋላ ግን ተበተነ። በቅጣቱም በራያ ብዙ መሬት ተወረሰ።

ከዚያ በኋላ የነበረው አሠራር በጣም የሚያስደንቅ ነው። መንግሥት በአንድ በኩል ገበሬውን በመሣሪያው ይጠረጥረዋል፤ በሌላ በኩል ሽፍታ ሲነሣ ያንኑ ገበሬ «ነጭ ለባሽ» ብሎ ጠመንጃውን ይዞ እንዲከተል ይጠራዋል። ወንጀል ሲሠራ አገሬው በአፈርሳታ ተቀምጦ ወንጀለኛውን እንዲያወጣ ይገደድ ነበር። ጩኸት ሰምቶ ያልደረሰ ጎረቤት ይነቀፋል። እንግዲህ የፖሊስን ሥራ በገበሬው ላይ የጫነ ሥርዐት የፖሊስን መሣሪያ ለገበሬው ሊነፍገው አይችልም ነበር።

፭. ከ1967 ዓ.ም. ወዲህ

ደርግ በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬትን ለአራሹ ሲያውጅ የገበሬ ማኅበራትን አቋቋመ፤ በ1968 ዓ.ም. የወጣው ሌላ አዋጅ ማኅበራቱ የመከላከያ ጓድ እንዲኖራቸው ፈቀደ። ስለዚህ መሣሪያ የመያዝ መብት ከሰውዬው ተወስዶ ለማኅበሩ ተሰጠ። ማኅበሩ የሚታዘዘው ለካድሬው ስለነበር፣ መሣሪያው ማንን ከማን እንደሚከላከል የሚወስነው ገበሬው መሆኑ ቀረ። በከተማም በ1969 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በየቤቱ የመሣሪያ አሰሳ ተደረገ፤ በዚያ ዘመን መሣሪያ የተገኘበት ሰው ለምን እንደያዘው አይጠየቅም ነበር። ቀድሞ በጉያ የነበረው ሽጉጥ የከተማ ግድያ መሣሪያ የሆነው በዚያ ዘመን ነው፤ ገዳዩም የሁለቱም ወገን ነበር።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ በተዘረጋው የክልል አከላለል ቆቦ በዐማራ ክልል፣ አላማጣ በትግራይ ክልል ሥር ዋሉ። በየቀበሌው ሚሊሺያ ታጠቀ፤ ክላሽንኮቭም የአሮጌውን ምንሽር ቦታ ወሰደ። በዚህ ጊዜ የጦር መሣሪያው ጉልበት ብዙ እጥፍ ሲያድግ፣ አያያዙን የሚገዛው ልማድ ግን በዚያው መጠን አላደገም። አንድ ጥይት ተኩሶ ሁለተኛውን እስኪያጎርስ የሚቆይ ሰውና በአንድ ጊዜ ሠላሳ ጥይት የሚተፋ መሣሪያ የያዘ ሰው በእርቅ ሸንጎ ፊት እኩል አይደሉም። በቆቦ አካባቢ የደም ጠብን የሚያበርደው «ዘወልድ» የተባለው የሽማግሌዎች ሥርዐት አንድ ሟችና አንድ ገዳይ ሲኖር ዳኝነቱ የታወቀ ነው፤ ሟቹ ብዙ፣ ገዳዩ የማይታወቅ ሲሆን ግን ሽማግሌው ማንን ከማን ያስታርቅ?

፮. ጳጉሜን 4 ቀን 2013 ዓ.ም.

የሰሜኑ ጦርነት ወደ ወሎ ሲወርድ የትግራይ ኃይሎች በሐምሌ 2013 ዓ.ም. ቆቦን ያዙ። አዲስ ዓመት ሊብት ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ጳጉሜን 4 ቀን፣ በከተማዋ ዙሪያ ያሉ መሣሪያ የያዙ ገበሬዎች ገጠሟቸው። በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ኃይሎቹ በከተማው ውስጥ መሣሪያ ያልያዙ ሰዎችን እያወጡ ገደሉ። ሂዩማን ራይትስ ዎች በ2014 ዓ.ም. ባወጣው መግለጫ በዚያ ቀን በቆቦ በአራት ልዩ ልዩ አጋጣሚዎች 23 ሰዎች መገደላቸውን ከምስክሮች ሰምቶ ጽፏል። አምነስቲ ኢንተርናሽናልም በዚያው ዓመት ባቀረበው ዘገባ ግድያው በሚሊሺያና በታጠቁ ገበሬዎች እጅ ለደረሰባቸው ጉዳት የተደረገ በቀል እንደሚመስል ገልጿል።

ይህ ቀን ለእኛ ክርክር ከሁሉ የሚከብደው ማስረጃ ነው። የመሣሪያ ተቃዋሚ «እነሆ ገበሬው ተኩሶ ሌላው ሞተ፤ ጠመንጃው ማንን አዳነ?» ሊል ይችላል። ይህን ቃል በቆቦም ሰምተነዋል፤ ያሉትም ልጆቻቸውን የቀበሩ ሰዎች ስለሆኑ ቸኩለን ልንመልስ አልደፈርንም። ስናስበው ግን ሁለት ነገር ይታየናል። አንደኛው፣ የአንድ ገበሬ ጠመንጃ የጦር ሠራዊትን አያቆምም፤ ራስን የመከላከል መብት ሌባን፣ ሽፍታንና ነፍሰ ገዳይን ለመመለስ እንጂ ጦርነት ለመክፈት አልተሰጠም። ስለዚህ መብቱን ከጦርነት ጋር የሚያደባልቅ ሰው፣ ደጋፊም ሆነ ተቃዋሚ፣ ይሳሳታል። ሁለተኛው፣ በዚያ ቀን የተገደሉት ባዶ እጃቸውን የነበሩ ናቸው። ባዶ እጅ መሆን አላዳናቸውም። መሣሪያ አለመያዝ ደኅንነት ነው የሚለው ትምህርት እውነት የሚሆነው የያዘው ወገን ሕግ ሲያከብር ብቻ ነው። በዚያው ጦርነት በሌላው ወገን እጅ የሞቱትም ባዶ እጃቸውን የነበሩ የትግራይ ሰዎች ይህንኑ ይመሰክራሉ።

ጦርነቱ በነሐሴ 2014 ዓ.ም. እንደገና ሲነሣ በዚሁ በቆቦ አካባቢ ተነሣ። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ ስምምነት ቢቆምም፣ በዚያው ዓመት የክልል ልዩ ኃይሎች እንዲፈርሱ በታወጀ ጊዜ በሚያዝያ መጀመሪያ ተኩስ ከተሰማባቸው ከተሞች አንዷ ቆቦ ነበረች። ሕዝቡ «መሣሪያ አስረክብ» የሚለውን ቃል በሰማ ቁጥር 1922ን፣ 1928ንና 2013ን ባንድነት የሚያስታውሰው ስለዚህ ነው።

፯. ሕጉ ምን ይላል

ራስን መከላከል በሕጋችን አዲስ ነገር አይደለም። በኦሪት ዘጸአት፣ ሌባ ሌሊት ቤት ሲሰረስር ተመትቶ ቢሞት የመታው ሰው የደም ዕዳ የለበትም፤ ፀሐይ ከወጣችበት በኋላ ግን ዕዳ አለበት ተብሎ ተጽፏል። ይህ ልዩነት በጣም ጥልቅ ነው፤ በጨለማ የሚረዳህ ስለሌለ መብት አለህ፤ በብርሃን ግን ጎረቤትና ዳኛ ስላለ የለህም ማለት ነው። የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግም፣ በእሱ ፋንታ የወጣው የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግም ይህንኑ ሐሳብ ተቀብለዋል። የኋለኛው በአንቀጽ 78፣ በራስ ወይም በሌላ ሰው ላይ ሕገ ወጥ ጥቃት ሲደርስ ወይም ሊደርስ ሲቃረብ፣ በሌላ መንገድ ማስቀረት ካልተቻለና መከላከሉ ከጥቃቱ ጋር የተመጣጠነ ከሆነ፣ የተከላከለው ሰው እንደማይቀጣ ይደነግጋል።

የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ደግሞ ያለ ፈቃድ መያዝን ከልክሎ፣ ግለሰብ ፈቃድ የሚያገኝበትን መንገድ ሠርቷል። እኛ በፈቃድ መሆኑን አንቃወምም። የምንለው፣ ፈቃዱ እንደ ችሮታ ሳይሆን እንደ መብት ይታይ ነው። አንቀጽ 78 ለሰውዬው የሰጠውን መብት የፈቃድ ሰጪው ቢሮ በዝምታ ሊወስድበት አይገባም። ፖሊስ ከሁለት ሰዓት በኋላ በሚደርስበት መንደር የሚኖር ሰው፣ በሌላ መንገድ ጥቃቱን ማስቀረት የማይችለው ሁልጊዜ ነውና።

፰. ተቃውሞዎችና መልሳቸው

የመጀመሪያው ተቃውሞ፣ መሣሪያ ሲበዛ ደም ይበዛል የሚል ነው። ይህ እውነትነት አለው። በሠርግ የተተኮሰ ጥይት የሙሽራ ወንድም ሲገድል፣ በመጠጥ ቤት የተጀመረ ስድብ በመቃብር ሲያልቅ አይተናል። ነገር ግን የራያ ታሪክ እንደሚያሳየው ክልከላው መሣሪያውን አላጠፋውም፤ ከትከሻ አውርዶ ወደ ጉድጓድ አስገባው። ሕግ አክባሪው አስረከበ፤ ሽፍታው አልተረከበም። እንግዲህ የሚመረጠው ባለ መሣሪያ አገርና መሣሪያ የሌለበት አገር መካከል ሳይሆን፣ በሚታወቅ መሣሪያና በማይታወቅ መሣሪያ መካከል ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ፣ ኃይልን መያዝ የመንግሥት ብቻ ሥራ ነው የሚል ነው። ቀድሞ ባላገር ሰው ሲገፋ «በሕግ አምላክ!» ብሎ ያስቆም ነበር፤ የተባለውም ሰው መሣሪያ ይዞ ሳለ በቃሉ ብቻ ይቆም ነበር። ይህ ያገራችን ታላቅ ቅርስ ነው፤ ቃል ጠመንጃን ያሸነፈበት ሥርዐት ነው። ነገር ግን ቃሉ የሚሠራው የሚሰማ ምስክር ባለበት ነበር። በዞብል ገደል ሌሊት «በሕግ አምላክ» ቢሉ የሚመልሰው ገደሉ ብቻ ነው። መንግሥት በዚያ እስኪደርስ ድረስ የእሱን ፋንታ የሚሠራ ሰው ባዶ እጁን ሊሆን አይገባም።

ሦስተኛው ተቃውሞ በተለይ ደብቆ መያዝን የሚመለከት ነው። በዚህ ላይ እኛም ከአባቶቻችን ልማድ ጋር በግማሽ እንስማማለን። በገጠር ትከሻ ይበቃል፤ ጉያ አያስፈልግም። በከተማና በመንገድ ግን ገንዘብ የሚያጓጉዝ ነጋዴ፣ ሌሊት የሚነዳ የጭነት መኪና ሾፌር፣ ዛቻ የደረሰበት ዳኛ ወይም ምስክር መሣሪያውን ለሁሉ ቢያሳይ ራሱን ዒላማ ያደርጋል። እንዲህ ላለው ሰው በልብስ ሥር መያዝ እንዲፈቀድለት፣ ነገር ግን ፈቃዱ ከተራው የጠበቀ እንዲሆን እናሳስባለን። ከሰው ዓይን የተሰወረው መሣሪያ ቢያንስ ከመዝገብ አይሰወር።

መደምደሚያ

እንግዲህ ከዚህ በላይ ከተገለጸው ታሪክ የምናወጣው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ መሣሪያ የመያዝ ፈቃድ ለጠየቀ ሰው ጥያቄው በታወቀ ጊዜ ውስጥ ይመለስለት፤ ቢከለከልም ምክንያቱ በጽሑፍ ይሰጠውና ወደ ፍርድ ቤት አቤት ይበል። ሁለተኛ፣ ምዝገባው በቢሮ ወረቀት ብቻ ሳይወሰን እንደ ጥንቱ ዋስ ይጠራበት፤ ባለ መሣሪያው ቂም እንደሌለበት ዘወልድን የመሳሰሉ የእርቅ ሽማግሌዎች ይመስክሩለት፤ ደም ያለበት ሰው እስኪታረቅ ድረስ ይቆይ። ሦስተኛ፣ ትጥቅ ማስፈታት የሚያስፈልግ ቢሆን እንኳ በዞብል ወዲህና ወዲያ በአንድ ቀን ይሁን፤ አንዱን ወገን አስፈትቶ ሌላውን መተው እርድ ማዘጋጀት እንደሆነ ታሪካችን አሳይቷልና።

ይህን ስንጽፍ የሰማነው ከዞብል ወዲህ ያለውን ወገን ነው። ከዞብል ወዲያ ያሉት የአፋር ሽማግሌዎች ስለ ጋዝና ስለ መሣሪያ የሚተርኩት ሳይሰማ ታሪኩ ሙሉ አይሆንም። ቋንቋውን የሚያውቅ የትምህርት ጓደኛ ይህን ሥራ ቢወስደው፣ ሽማግሌዎቹም ሳያልፉ ቢደርስባቸው፣ የእኛን ስሕተት ለማረም የመጀመሪያው ሰው ይሆናል፤ እኛም በደስታ እንቀበለዋለን።